መያዣው ድርቆሽ ሲበላ፦ የጋጣ ክፍያ ሳይከፈል ሲቀር ባለጋጣው ምን መብት አለው?

አሜሪካ ውስጥ ፈረስ ያለው ሁሉ ጋጣ የለውም። ብዙው ሰው ፈረሱን የሚያሳድረው ሌላ ሰው ዘንድ ነው፤ ክፍያው በየወሩ ነው። ‹ቦርዲንግ› ይሉታል። ባለጋጣው ድርቆሽና ገፈራ ያቀርባል፣ ውሃ ይሞላል፣ ጋጣውን ይጠርጋል፣ ጠዋት ወደ መስክ አውጥቶ ማታ ያስገባል። የፈረሱ ባለቤት ቅዳሜና እሑድ ብቅ ብሎ ይጋልባል።

አገር ቤት ይህ ነገር ብዙም አይታወቅም። የአዊ ፈረሰኛ ፈረሱን የሚያስረው ደጁ ላይ ነው። ቨርጂኒያና ሜሪላንድ ያለን ሰዎች ግን ከከተማ ትንሽ ወጣ ስንል የምናየው ነጭ አጥርና ፈረስ ነው። ልጁን ግልቢያ የሚያስተምር አለ። ጋጣ ውስጥ ተቀጥሮ የሚሠራ አለ። ትንሽ መሬት ገዝቶ «ሁለት ሦስት የሰው ፈረስ ባሳድርስ?» የሚልም አይጠፋም።

ችግሩ የሚጀምረው ደንበኛው መክፈል ሲያቆም ነው። መጀመሪያ «በሚቀጥለው ሳምንት» ይላል። ቀጥሎ ስልክ አያነሳም። ፈረሱ ግን እዚያው ቆሞ ይበላል።

ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። ሕጉ ከስቴት ስቴት ስለሚለያይ ይህን አንብቦ ፈረስ መሸጥ አይቻልም፤ ጠበቃ ዘንድ ስትሄዱ ምን እንደምትጠይቁ ለማወቅ ግን ይረዳል።

ካልከፈለ ፈረሱ የኔ ሆነ ማለት ነው?

አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ሕጉ ለባለጋጣው የሚሰጠው ባለቤትነትን አይደለም። የሚሰጠው የመያዣ መብት ነው። አሜሪካኖቹ ‹ሊን› ይሉታል። መኪናችሁን ጋራዥ አስገባችሁ እንበል። ሜካኒኩ ጠግኖ ጨርሷል፤ ሳትከፍሉ ቁልፉን አይሰጣችሁም። መኪናው ግን አሁንም የእናንተ ነው። ሊብሬው ላይ ያለው ስም አልተቀየረም። ሜካኒኩ በመኪናችሁ ሰርግ አጅቦ ሊዞር አይችልም። ማድረግ የሚችለው ሁለት ነገር ነው፦ እስክትከፍሉ ይዞ መቆየት፣ ካልከፈላችሁ ደግሞ ሕጉ ባስቀመጠው ሥርዓት ሸጦ ዕዳውን ማንሳት።

የባለጋጣው መብትም ይኸው ነው። አንድ ትልቅ ልዩነት ግን አለ። መኪና ቆሞ አይበላም፣ አይታመምም፣ ኮቴው አያድግም።

ይህ መብት ከየት መጣ?

የአሜሪካ ሕግ ሥሩ እንግሊዝ ነው። እዚያ ደግሞ የድሮዎቹ ዳኞች ለባለጋጣ ፊት አልሰጡም።

በ1828 በተወሰነ አንድ ክርክር የእሽቅድምድም ፈረስ አሠልጣኝ ፈረሱን ይዞ መቆየት ይችላል ተባለ። ምክንያቱ ፈረሱን በሥልጠና አሻሽሎታል የሚል ነበር። በ1839 ደግሞ የሰው ከብት በግጦሽ መሬቱ ያሰማራ ሰው «አንተ መብት የለህም» ተባለ። አበላ እንጂ አላሻሻለም ነው ነገሩ። (ከብት ሳይበላ የሚሻሻል ይመስል።) ተራው ባለጋጣም ዕጣው ያው ሆነ። የፈረሱ ባለቤት በፈለገ ጊዜ እየመጣ አውጥቶ የሚጋልብ ከሆነ፣ ፈረሱ በባለጋጣው እጅ ነው የሚባለው ምኑ ነው ተብሎ ተከራከሩበት። የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ብቻ የመንገደኛን ፈረስ መያዝ ይችል ነበር። መንገደኛን አልቀበልም ማለት ስለማይፈቀድለት በምላሹ የተሰጠው መብት ነበር።

የአሜሪካ ስቴቶች ይህን ክፍተት በየራሳቸው ሕግ ደፈኑት። ስለዚህ ዛሬ የባለጋጣው መብት የሚመነጨው ስቴቱ ካወጣው ሕግ ነው። መብቱን የሰጠው ያ ሕግ እስከሆነ ድረስ ደረጃዎቹንም የሚወስነው እሱ ነው። አንዱን ደረጃ የዘለለ ሰው መብቱን ሊያጣ ይችላል።

በተግባር እንዴት ይሠራል?

ቴክሳስን እንውሰድ፤ ቀመሩ ግልጽ ነው። ሕጉ እንስሳ በአደራ የተሰጠው ባለጋጣ ለእንክብካቤው በሚጠየቀው ክፍያ ልክ በእንስሳው ላይ የመያዣ መብት አለው ይላል።

ዳላስ አካባቢ ያለች አንዲት ባለጋጣ በወር 600 ዶላር ታስከፍላለች እንበል። ማርች 1 ላይ ይከፈል የነበረው አልተከፈለም። ከዚያ ቀን ጀምራ ፈረሱን ይዛ 60 ቀን መጠበቅ አለባት። ኤፕሪል 30 ይደርሳል። በማግስቱ ሜይ 1 ባለቤቱን «ክፈል» ብላ በይፋ ትጠይቃለች። ከጥያቄው በኋላ ያለው 11ኛ ቀን እስኪመጣ ካልከፈለ የሽያጭ ማስጠንቀቂያ ትሰጣለች። ሜይ 12 ሆነ። ማስጠንቀቂያው 20 ቀን ይወስዳል። ከዚያ በኋላ፣ ማለትም ጁን መጀመሪያ ላይ፣ ፈረሱን በሕዝብ ፊት በሐራጅ መሸጥ ትችላለች።

ባለቤቱ ከስቴቱ ውጭ የሚኖር ከሆነ ወይም አድራሻው የማይታወቅ ከሆነ መንገዱ ያጥራል፤ ከ60 ቀን በኋላ ያለ ማስጠንቀቂያ በሐራጅ መሸጥ ይፈቀዳል። ቢሆንም መጨረሻ ወደሚታወቀው አድራሻ ሪኮማንዴ ደብዳቤ ልኮ ደረሰኙን ማስቀመጥ ብልህነት ነው። «አድራሻውን አላውቅም ነበር» የሚለው ቃል በኋላ ዳኛ ፊት ይፈተናል።

አሁን ሽያጩ ተካሄደ። የማርች፣ የኤፕሪልና የሜይ ክፍያ 1,800 ዶላር ነው። ፈረሱ 4,000 ዶላር ካወጣ፣ ዕዳው ተነስቶ የተረፈው የባለቤቱ ነው። ባለጋጣዋ «ለደከምኩበት» ብላ ኪሷ ልትከተው አትችልም። ፈረሱ 1,500 ብቻ ካወጣ ደግሞ ቀሪው ዕዳ አለ።

ሐራጁን ‹በሕዝብ ፊት› የሚያሰኘው ቀኑና ቦታው ቀድሞ መታወቁ፣ የፈለገ ሁሉ ቀርቦ መጫረት መቻሉ ነው። በጓሮ በር ለዘመድ በ200 ዶላር መሸጥ ሐራጅ አይባልም።

ቨርጂኒያና ሜሪላንድስ?

የቨርጂኒያው ሕግ ደስ ይላል። ጋጣን፣ የጀልባ ማቆሚያንና የአውሮፕላን ማቆሚያን ባንድ ዓረፍተ ነገር ጠቅልሏቸዋል። ፈረስ የሚያሳድር ሰው በፈረሱ ላይ ብቻ ሳይሆን በጋሪ መሳቢያ ዕቃው ላይም መያዣ እንዳለው በስም ይጠቅሳል። የቴክሳሱ ግን የሚያወራው ስለ እንስሳው ነው። ስለዚህ «ኮርቻውንም ልያዝበት?» የሚለው ጥያቄ ሁለት ስቴት ውስጥ ሁለት መልስ ሊኖረው ይችላል። ኮርቻ አንዳንዴ ከፈረሱ ይወደዳልና ጥያቄው ቀላል አይደለም።

የሜሪላንዱ ሕግ ምን ምን ክፍያ በመያዣው እንደሚሸፈን ይዘረዝራል፦ ማሳደሪያና ጥበቃ፣ ሥልጠና፣ የእንስሳት ሐኪምና የኮቴ ሠራተኛ፣ ሌላም ተገቢ የእንክብካቤ ወጪ። ክፍያው ካለፈበት 30 ቀን ከሆነ ወደ ሐራጅ የሚያስኬደው መንገድ ይከፈታል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ግን መንገዱ በዋናነት በፍርድ ቤት በኩል ነው። በተመሳሳይ ዕዳ ሜሪላንድ ያለው ሰው ሐራጅ ሲያዘጋጅ ካሊፎርኒያ ያለው መዝገብ ያስከፍታል።

ያለ ዳኛ የሰው ንብረት መሸጥ እንዴት ተፈቀደ?

ይህን ጥያቄ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የወሰደችው ሴት ያስያዘችው ፈረስ አልነበረም፤ የቤት ዕቃ ነበር። በ1973 ኒውዮርክ ስቴት ውስጥ ከአፓርታማዋ ተባረረች። ዕቃዋ ፍላግ ብራዘርስ የሚባል ማከማቻ ገባ። የማከማቻው ክፍያ ላይ ስላልተስማሙ ድርጅቱ ዕቃሽን እሸጠዋለሁ አላት። እሷም «ሕገ መንግሥቱ ንብረቴ ያለ ፍርድ እንዳይወሰድ ይጠብቀኛል» ብላ ከሰሰች።

በ1978 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አልተቀበላትም። ሕገ መንግሥቱ የሚያስረው መንግሥትን ነው፤ የሚሸጠው ግን የግል ድርጅት ነው፤ ስቴቱ ሽያጩን በሕግ ስለፈቀደ ብቻ ድርጊቱ የመንግሥት አይሆንም አለ። የጋጣ ሐራጅ ሕጎችም የሚቆሙት በዚሁ ሐሳብ ላይ ነው። ሽሪፍ ወይም ሌላ የመንግሥት ሰው ገብቶ የሚያስፈጽም ከሆነ ግን ነገሩ ይለወጣል።

እስከዚያ ፈረሱን ማን ያበላዋል?

ባለጋጣው። ይህን የሚወድ ባለጋጣ የለም፤ ምርጫ ግን የለውም።

በ50ዎቹም ስቴቶች በእንስሳት ላይ ጭካኔ ወንጀል ነው። ተጠያቂ የሚሆነው የተመዘገበው ባለቤት ብቻ አይደለም፤ እንስሳው በእጁ ያለው ሰውም ነው። «አልከፈለኝምና አላበላም» ያለ ሰው ከከሳሽነት ወደ ተከሳሽነት ይዞራል።

500 ኪሎ የሚመዝን ፈረስ በቀን ከ8 እስከ 10 ኪሎ ድርቆሽ ይበላል። ውሃው ከ20 እስከ 40 ሊትር ነው። በቴክሳሱ ምሳሌ ከማርች 1 እስከ ጁን 1 ያለው ጊዜ ብቻ ከ700 እስከ 900 ኪሎ ድርቆሽ ይፈጃል። ኮቴው በየ6 እስከ 8 ሳምንቱ መሞረድ አለበት። ሆዱን ካመመው ደግሞ የፈረስ የሆድ ቁርጠት ቀልድ አይደለም፤ ሌሊት ሐኪም መጥራት ነው። ይህን ወጪ ዕዳው ላይ መደመር ይቻላል፤ ጥሬ ገንዘቡ ግን ዛሬ ከባለጋጣው ኪስ ይወጣል። ለዚህ ነው ስድስት ወር ዝም ብሎ ጠብቆ ወደ ሕግ የሚሄድ ባለጋጣ የሚከስረው። ዕዳው ሲያድግ የመያዣው ዋጋ አብሮ አያድግም።

በፈረሱ መጠቀምስ? ለጤናው ሲባል አውጥቶ ማንሸራሸር ተገቢ ነው። ለግልቢያ ተማሪዎች በሰዓት ማከራየት ግን አይፈቀድም። ድንጉላ ከሆነ ባዝራ ላይ ለቆ ገንዘብ መቀበልም እንዲሁ። ንብረቱ የሰው ነውና ባለቤቱ ለዚያ ካሣ ሊጠይቅ ይችላል።

ባለቤቱ ማታ ተጎታች ይዞ ቢመጣስ?

በብዙ ስቴት መብቱ ያለው ፈረሱ በእጅ እስካለ ድረስ ነው። የኒውዮርክ ሕግ ይህን በግልጽ ይናገራል። ፈረሱ በባለጋጣው ፈቃድ ከበሩ ከወጣ መያዣው አብሮት ይወጣል። ዕዳው አይጠፋም፤ ግን ባለጋጣው እንደማንኛውም ባለገንዘብ ክስ መስርቶ ይሰለፋል።

በጣም የተለመደው ወጥመድ ይህ ነው። ደንበኛው ፈገግ ብሎ ይመጣል። ይቅርታ ይጠይቃል፣ ቼክ ይጽፋል። ፈረሱ ተጎታቹ ላይ ይወጣል። ሰኞ ባንክ ሲሄዱ ቼኩ ደረቅ ነው። መሆን ያለበት በተቃራኒው ነው፦ መጀመሪያ ገንዘቡ አካውንት ይግባ፣ ከዚያ አፍሳሩ ይሰጥ። «ግማሹን አሁን ልክፈልና ልውሰደው» ለሚልም መልሱ አንድ ነው።

ፈረሱ በድብቅ ወይም በጉልበት ከተወሰደ መልሱ እንደ ስቴቱ ይለያያል። ፖሊስ ቢጠራ ብዙውን ጊዜ «ይህ የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው» ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ የተጻፈ ውል፣ ያልተከፈሉ ሂሳቦችና የተላከው ማስጠንቀቂያ አንድ ላይ ሆነው በቅርብ ቢገኙ ይሻላል። የበሩን ቁልፍ መቀየር ይቻላል። ከባለቤቱ ጋር ግብግብ መግጠም ግን አይቻልም።

ፈረሱ የባንክ መያዣም ቢሆንስ?

ውድ ፈረሶች በብድር ይገዛሉ። ባንኩ አስቀድሞ ፈረሱ ላይ መያዣ አስመዝግቦ ሊሆን ይችላል። ስቴቶቹ የተቀበሉት ወጥ የንግድ ሕግ እዚህ ላይ ለባለጋጣው ያደላል፦ አገልግሎት የሰጠና ንብረቱን በእጁ የያዘ ሰው፣ መብቱ ከሕግ የመነጨ ከሆነ፣ በአብዛኛው ከባንኩ ይቀድማል፤ መብቱን የሰጠው ሕግ ራሱ የተለየ ነገር ካላለ በስተቀር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ባለጋጣው ባያበላው ባንኩ የሚይዘው ሕያው ፈረስ አይኖርም ነበር።

ፈረሱን ያመጣው ሰው ባለቤቱ ካልሆነስ? ተከራይ ወይም አሠልጣኝ ሊሆን ይችላል። እዚህ ላይ ስቴቶቹ አይስማሙም። ፈረስ ሲቀበሉ «የማን ነው?» ብሎ መጠየቅና ባለቤቱን ማስፈረም አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው።

ዕዳ እያለ መሸጥ የማይቻልበት ጊዜ አለ?

ሁለት ጊዜ አለ፤ ሁለቱም የፌዴራል ሕግ ናቸው፤ ስቴቱ የሚለውን ይሽራሉ።

አንደኛው ባለቤቱ ወታደር ሲሆን ነው። በአገልግሎት ላይ ባለበት ጊዜና ካበቃ በኋላ ለ90 ቀን፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ ንብረቱን በመያዣ መሸጥ ክልክል ነው። ጥሶ የሸጠ በወንጀልም ይጠየቃል። ቨርጂኒያ ወታደር የበዛበት ስቴት ነውና ይህ ሩቅ ነገር አይደለም። አንድ ሰው በአገልግሎት ላይ መሆን አለመሆኑን መከላከያ ሚኒስቴሩ ባዘጋጀው ድረ ገጽ ማጣራት ይቻላል።

ሁለተኛው ባለቤቱ ኪሳራ ሲያውጅ ነው። የኪሳራ ማመልከቻው በገባበት ቅጽበት ዕዳ መሰብሰብ ሁሉ ይቆማል። ሐራጁ ነገ ጠዋት ቢሆንም ይቆማል። ባለጋጣው የኪሳራ ፍርድ ቤቱን ፈቃድ መጠየቅ አለበት።

ሽያጩ ዕዳውን ባይሸፍንስ?

ብዙ ጊዜ አይሸፍንም። ባለቤቱ ትቶት የሚጠፋው ፈረስ አብዛኛውን ጊዜ ያረጀ፣ ያነከሰ ወይም ያልተገራ ነው። ጥሩውንማ እየከፈለ ይጋልበዋል።

የገበያው ታሪክም አለበት። አሜሪካ ውስጥ የመጨረሻዎቹ የፈረስ ቄራዎች በ2007 ተዘጉ። የኮንግረስ ኦዲት መሥሪያ ቤት በ2011 ባወጣው ሪፖርት፣ በዚህ ምክንያት የርካሽና የመካከለኛ ፈረሶች ዋጋ ከ8 እስከ 21 በመቶ ወርዷል ብሏል። ኮሎራዶ ውስጥ ፈረስን በመጉዳትና ችላ በማለት የተደረጉ ምርመራዎች በ2005 ከነበሩበት 975 በ2009 ወደ 1,588 ከፍ ማለታቸውን ይኸው ሪፖርት ጠቅሷል። ዋጋ ሲወርድ ትቶ መሄድ ይበዛል፤ የተተወውን ደግሞ ገዢ አያገኙለትም።

ለቀሪው ዕዳ የሚኬደው ወደ አነስተኛ የክስ ችሎት ነው። ጣሪያው ይለያያል፦ ቨርጂኒያና ሜሪላንድ 5,000 ዶላር ሲሆን ቴክሳስ የሰላም ዳኛው ችሎት እስከ 20,000 ዶላር ያያል። ከጣሪያው በላይ የሆነ ዕዳ ወደ ሌላ ችሎት ይሄዳል እንጂ አይቀርም።

ሥርዓቱን ሳይጠብቅ የሸጠ ግን ራሱ ይከሰሳል። ማስጠንቀቂያ ያልላከ፣ ቀኑን ያልጠበቀ ወይም በድብቅ የሸጠ ባለጋጣ የሰው ንብረት ያለአግባብ እንደወሰደ ይቆጠራል። 1,800 ዶላር ፈልጎ የፈረሱን ሙሉ ዋጋ ሊከፍል ይችላል። ገዢውም ችግር ይገጥመዋል፤ የዝርያ ምዝገባ ወረቀቱ ከፈረሱ ጋር አብሮ ላይመጣ ይችላል።

ውሉ ላይ ምን ይጻፍ?

የወር ክፍያው፣ ቀኑ፣ የመዘግየት ቅጣቱ፣ ሐኪም በድንገት ቢጠራ ማን እንደሚከፍል። ማስጠንቀቂያ የሚላክበት የፖስታና የኢሜይል አድራሻ ይኑር፤ አድራሻው ሲቀየር ደንበኛው በጽሑፍ የማሳወቅ ግዴታ እንዳለበትም ይጻፍ። የመያዣ መብቱን በስም መጥቀስ ጥሩ ነው።

«60 ቀን ካልከፈልክ ፈረሱ የኔ ነው» የሚል አንቀጽ ግን አታምኑት። ብዙ ቦታ እንዲህ ያለ ቃል ሕጉ ያዘዘውን ሐራጅ አይተካም።

ከሁሉ የሚቀለው መውጫ ግን ሐራጅም ክስም አይደለም። ባለቤቱ መክፈል እንደማይችል ካመነ፣ ዕዳው ከተፈጠረ በኋላ ተቀምጠው ይስማማሉ። ባለቤቱ ፈረሱን በሽያጭ ሰነድ ያስተላልፋል፤ ባለጋጣው ዕዳውን ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል ይሰርዛል። ሰነዱ ላይ የፈረሱ መልክ፣ ዕድሜና ምልክት፣ የተሰረዘው ገንዘብ ልክ፣ የሁለቱም ፊርማና ቀኑ መኖር አለበት። የምዝገባ ወረቀት ካለ ባለቤቱ እዚያው ፈርሞ ያስረክብ፤ በኋላ ፈልጎ ማግኘት ከዕዳው ይብሳል።